የግድግዳችን ዕድሜ ሲቆጠር

ግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ዕለት እኔ ቤት አልነበርኩም። አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም የሀብታሞች ሰፈር የሰው ቤት ወለል ስወለውል ነው የዋልኩት። ማምሻውን ሐፍላ በሚሏት ትንሽ አውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሬ ሰፈራችን ሐጅ ዩሱፍ ስደርስ ሰዉን በየደጁ ቆሞ አገኘሁት። ለቅሶ መሰለኝ።

“ማን ሞተ?” ብዬ አንዷን ጎረቤት ጠየቅኋት።

“ማንም አልሞተም። ሂጂ፣ ግድግዳችሁን እዪው” አለችኝ።

ከበራችን በስተቀኝ፣ በገዛ እጄ በመረግሁት ግድግዳ ላይ፣ ክንድ የሚያህል ቀይ የኤክስ ምልክት ተደርጎበታል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ወደታች እየወረደ ነበር። ውስጥ ስገባ አማቴ ሐቦባ ከልቱም አልጋቸው ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ሐቦባ በሱዳኖች አነጋገር አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም።

“አንቺ ነሽ ዘይነብ?”

“እኔ ነኝ። ምን አሉ?”

“ዐሽዋዒ አሉን፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ። ከነገ ወዲያ ሎደሩ ይመጣል።”

እንግዲህ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የወሎ ልጅ ነኝ፤ የሐይቅ አካባቢ ሰው። ካርቱም የገባሁት በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ሴቶች የሰው ቤት ገብቼ መሥራት ጀመርኩ። ዑስማንን ያገኘሁት ሐፍላው ውስጥ ነው። ሾፌር ነበር። ተጋባንና ወደ እናቱ ቤት ወሰደኝ። ስድስት ዓመት አብረን ኖርን፤ ልጅ ግን አላህ አልሰጠንም። ከዚያ ኩላሊቱን ታመመና ሞተ። እኔና እናቱ ብቻችንን ከቀረን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ደቡብ ሱዳንም ከተገነጠለች ሁለት ሦስት ዓመቷ ነበር።

ሐቦባ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን አልወደዱኝም። ልጃቸው ከአጎቱ ልጅ ጋር እንዲጋባ ነበር ያሰቡት። ከኔ ጋር ብዙ አያወሩም። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ሙሉ ሳምንት አብረን እንሠራለን። ቤቱ ጃሉስ ነው፤ የጭቃ ቤት። የጭቃ ቤት በየዓመቱ ካልተመረገ ዝናቡ ይበላዋል። ምርጊቱ ከጭቃ፣ ከጭድና ከከብት እበት ተቀላቅሎ ለቀናት ይቦካል። ሽታውን ለማያውቀው ማስረዳት ይከብዳል። ሐቦባ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ሥራው በሙሉ የኔ ሆነ። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው በመዳፋቸው ግድግዳውን እየዳበሱ “እዚህ ሳሳ፣ ድገሚው” ይላሉ። እኔም በልቤ፣ “ሐበሻ ስለሆንኩ ነው እበት የሚያስነኩኝ” እያልኩ እማረር ነበር።

ለነገሩ መሄጃ አላጣሁም። አል-ጣኢፍ ያሉት አሠሪዬ፣ “ለምን ድልድይ ትሻገሪያለሽ? ግቢ ውስጥ ክፍል አለ፣ እደሪበት” ብለውኝ ያውቃሉ። ያን ዕለት ማምሻውን ሐቦባ ራሳቸው አነሱት።

“አንቺ እቃሽን ያዢና ወደ እመቤትሽ ሂጂ። ቤቱ የኔ ነው፣ መፍረሱም የኔ ነው።”

“እርስዎስ የት ይሄዳሉ?”

“ዘይነብ፣ እኔ ምን ቀረኝ? አላህ ያውቃል።”

አልሄድኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ዓይናቸው የማያይ አሮጊት ሎደር ፊት ትቼ ለመሄድ እግሬ እንቢ ስላለኝ ነው።

በማግስቱ ሥራ ቀረሁና የመሬት ቢሮው ሄድኩ። ደጁ ላይ ከኔ በፊት የመጣ ስንትና ስንት ሰው ተኮልኩሏል። ቀትር ሲቃረብ ተራዬ ደረሰ። ያስተናገደኝ ሙሐንዲስ፣ ማለትም መሐንዲሱ፣ ዐዋድ ይባላል። ቀጭን፣ ድካም የተጫነው ሰው ነው።

“የማን ቤት ነው?”

“የሐቦባ ከልቱም።”

“አንቺ ምኗ ነሽ?”

“የልጃቸው ሚስት። ማለቴ... ባሌ ሞቷል።”

ቀና ብሎ አየኝና ትልቅ ካርታ ዘረጋ። በልዩ ልዩ ቀለም የተቀባ ነው። ካርቱም ከእንግሊዝ ዘመን ጀምሮ ሰፈሮቿን በደረጃ የከፈለች ከተማ መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው። ቃሉ ራሱ ከኛው ጋር አንድ ነው፤ እነሱም “ደረጃ” ነው የሚሉት። በላይኛው ደረጃ ሰፈር የጭቃ ቤት መሥራት አይፈቀድም፤ ጡብና ሲሚንቶ መሆን አለበት፣ ግቢውም ሰፊ ነው። በሦስተኛው ደረጃ ጃሉስ ይፈቀዳል። ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት የነበሩ መንደሮች ደግሞ “የድሮ መንደር” ተብለው ይመዘገባሉ፤ መንገድ ይቀየስላቸዋል፣ ቦታቸውም በሦስተኛ ደረጃ ይጸናል። ከነዚህ ሁሉ ውጪ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራው ቤት ዐሽዋዒ ነው። ዐሽዋዒ ደረጃ የለውም። ይፈርሳል።

“እኛ እኮ የድሮ መንደር ነን” አልኩት። “ሐቦባ እዚያ ቤት ሙሽራ ሆነው ነው የገቡት።”

“መለያው ይኼ ነው” አለና አንድ ፎቶ አወጣ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከአውሮፕላን የተነሳ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። “እዚህ ላይ የታየ ቤት የድሮ መንደር ነው። ያልታየ ዐሽዋዒ ነው። እኔ ያወጣሁት ሕግ አይደለም።” በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ ክብ ጥቁር ነገር አሳየኝ። “ቤታችሁ ያለው እዚህ ነው። ምን ይታይሻል?”

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የጎረቤት ጣሪያዎች ትንንሽ አራት ማዕዘን ሆነው ይታያሉ። የእኛ ቦታ ላይ ግን ጣሪያ የለም። ጥቁር ድቡልቡል ነገር ብቻ።

“ዛፍ ነው” አልኩ። “ኒሙ ነው! ቤቱ እኮ ከዛፉ ሥር ነው ያለው። ቅርንጫፉ ጣሪያችንን በሙሉ ይሸፍነዋል።”

“ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አውሮፕላኑ ያየው ዛፍ ነው።”

“ታዲያ ጥላ ውስጥ መኖር ጥፋት ነው?”

ፈገግ እንደማለት አለ። “ጥፋት አይደለም። ማስረጃ ግን አይሆንም። የድሮ ወረቀት አምጪ፤ የውሃ፣ የግብር፣ ማንኛውንም ነገር። ካልሆነ ከፎቶው በፊት እዚያ የኖረ ሰው መጥቶ ይመስክር። ነገ ጠዋት እኛው ሰፈራችሁ እንመጣለን።”

ወረቀት አልነበረንም። ሐቦባ የነበሯቸውን ወረቀቶች ታቹ በዝጎ በተበሳ የቆርቆሮ ሣጥን አኑረዋቸው ምስጥ በልቷቸዋል፤ ሣጥኑን ስከፍተው የተረፈው አፈር ነው። የቀረን ተስፋ ሐጅ ኢድሪስ ነበሩ። ፎቶው ላይ የታዩት ቤቶች የድሮ ባለቤቶች ሞተዋል ወይም ሸጠው ሄደዋል፤ ከቀሩት ጎረቤቶቻችን መካከል ከሐቦባ ቀጥሎ የቆዩት እሳቸው ናቸው። የሳቸውም በር ላይ ቀይ ምልክት አለ። ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ሲወጡ አገኘኋቸውና ለመንኳቸው።

“እኔ እዚህ የመጣሁት ከፎቶው ሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ልጄ” አሉኝ። “ስመጣ ቤታችሁ ነበር፤ ዛፉም ነበር። ይኸን እምላለሁ። ከዚያ በፊት ስለነበረው ግን በአላህ ስም አልምልም።”

“ሐጅ፣ ሁለት ዓመት እኮ ናት! ከፎቶው በፊት መጣሁ ቢሉ የርስዎም ቤት ይድናል፤ የእኛም ይድናል። ማን ያውቃል?”

አልተቆጡኝም። “እኔ አውቃለሁ” ብቻ አሉኝ።

ተናድጄባቸው ወጣሁ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሎደሩ ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። የጭቃ ቤት ሲፈርስ ብዙ አይጮህም፤ ድፍት ይላል፣ ከዚያ አቧራው ይነሳል። ከታች በኩል ያለችው ጎረቤቴ ስታለቅስ ይሰማኛል። እኔ እቃ ማውጣት ጀመርኩ። ድስቶቹን፣ ልብሱን፣ የዑስማንን ፎቶ። ሐቦባን ደጅ፣ ኒሙ ሥር አስቀመጥኳቸው። አልጋቸውን ብቻዬን ስጎትት እግሩ ከበሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ መታው፤ መዳፍ የሚያህል የምርጊት ቁራጭ ወደቀ።

አልጋውን ለቅቄ ቁራጩን አነሳሁት። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ምናልባት የወደቀ ነገር ማንሳት ልማዴ ስለሆነ ይሆናል። በጎኑ ሳየው መስመር መስመር አለው። አንድ ቡኒ ንብርብር፣ ከዚያ እንደ ክር የቀጠነ ቀላ ያለ የአቧራ መስመር፣ እንደገና ቡኒ፣ እንደገና ቀይ። ያቺ ቀይ ክር የበጋው ሀቡብ፣ የአሸዋው ነፋስ፣ በግድግዳው ላይ ትቶት የሄደው አቧራ ናት። በላይዋ የዓመቱ ምርጊት፣ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት አቧራ። ላዩ ላይ ያሉትን ጥቂቶቹን አወቅኋቸው። የኔ ናቸው።

“ሐቦባ!” ብዬ ወጣሁ። “ምርጊቱን ያልመረጉበት ዓመት አለ?”

“ምን?”

“ሳይመረግ ያለፈ ዓመት! አለ?”

“የዑስማን አባት የሞተ ዓመት። ሐዘን ላይ ነበርኩ። ሌላ የለም። ምን ሆነሻል አንቺ?”

ቁራጩን በሁለት እጄ እንደ እንቁላል ይዤ በመንገዱ ሮጥኩ። ሙሐንዲስ ዐዋድ ከሎደሩ አጠገብ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ፖሊሱ ሊያግደኝ ሲል በክንዱ ሥር ሾለክሁ።

“ሙሐንዲስ! ማስረጃ አምጥቻለሁ!”

“ወረቀት?”

“ጭቃ።”

ከጎኑ የነበረው ጸሐፊ ሳቀ። ዐዋድ አልሳቀም፤ ግን ፊቱን አዞረ። “ያ ቢት፣ ልጄ፣ ሥራ ላይ ነኝ።”

“አንዴ ይመልከቱት ብቻ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ዓመት ነው። በየዓመቱ ነው የምንመርገው። ይቁጠሩት። ሠላሳ ካልሞላ አፍርሱት፤ አንድ ቃል አልናገርም።”

ቁራጩን ተቀብሎኝ ወደ ፀሐይ አዞረው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ቀዩን ክር ፋቅ አደረገ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

“እናቴም ትመርግ ነበር” አለ። “ገጠር። ከኸሪፍ፣ ከዝናቡ በፊት፣ በየዓመቱ።” ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ “ሐጅ ኢድሪስ ጠዋት መጥተው ምን ብለው ነው የመሰከሩት?” አለው።

“ስመጣ የከልቱም ቤት ነበረ አሉ። እሳቸው ግን ከፎቶው ሁለት ዓመት ቆይተው መምጣታቸውን ተናገሩ።”

“በራሱ ላይ የመሰከረ ሰው ስለ ሌላው ያለውን አምናለሁ። እንግዲህ የጎደለው ሁለት ዓመት ነው።” ለሎደሩ ሾፌር እጁን አነሳ፤ ሞተሩ ጠፋ። “ያላ፣ እንሂድ።”

ከቤታችን ስንደርስ ቢላ አመጣሁ። ቁራጩ በወደቀበት በኩል እየገባሁ ግድግዳውን እስከ ውስጡ ቆረጥኩት። ዐዋድ ተንበርክኮ በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። የሰፈሩ ሰው በሙሉ በራፋችንን ሞልቶ ቆሟል። “አስራ ስድስት... አስራ ሰባት...” “ሃያ... ሃያ አንድ... ሃያ ሁለት።”

ቆመ። ከሃያ ሁለተኛው በኋላ ምርጊት የለም። የግድግዳው ጭቃ ራሱ ነው።

“ሃያ ሁለት” አለ በቀስታ። ቀና ብሎም አላየኝም። “ይህ ግድግዳ ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ ነው።”

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ካልሞላ አፍርሱት ብዬ ነበር። በገዛ አፌ።

“ምን ሆናችሁ ዝም አላችሁ?” አሉ ሐቦባ ከደጅ።

“ሐጃ፣ የግድግዳው ዓመት አልሞላም” አላቸው ዐዋድ በአክብሮት።

“የቱ ግድግዳ?”

“የበሩ።”

“የበሩማ ጎርፍ ጥሎት እንደገና የተሠራ ነው! ሰው ሳይጠይቅ ይቆፍራል?” አሉና ተነሱ። ሊደግፋቸው የሄደውን ጸሐፊ በእጃቸው ገፉት። የግድግዳውን ጠርዝ በመዳፋቸው እየዳበሱ ገቡ፤ ምድጃውን አለፉ፣ እህል የምናስቀምጥበትን ማድጋ ዞሩ። በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ጥግ ላይ ሲደርሱ መዳፋቸውን አሳረፉ። “ይኸኛው ወድቆ አያውቅም። ባለቤቴ በእጁ ያቆመው ነው። እዚህ ቁረጡ።”

ዐዋድ ቢላውን ተቀበለኝና ራሱ ቆረጠ። ቀስ ብሎ፣ ቁስል እንደሚያክም ሰው። ከዚያ መቁጠር ጀመረ። ሃያን አለፈ። ሃያ ሁለት ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። “ሃያ ሦስት” አለ። “ሃያ ስምንት... ሃያ ዘጠኝ... ሠላሳ።” ድምፁ ከፍ አለ። “ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አራት...” ሠላሳ ስምንት ላይ ጭቃው መጣ።

ሐጅ ኢድሪስ ደጃፉ ላይ ቆመው “አልሐምዱሊላህ” ሲሉ ብቻ ሰማሁ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዐዋድ አቧራውን ከጉልበቱ እያራገፈ፣ “ላዩ ላይ ያሉት ስምንቱ ግን ቀጫጭን ናቸው” አለ።

“የሷ ናቸው” አሉ ሐቦባ። “እጇ ይሰስታል። ስንት ጊዜ ነገርኳት።”

ያኔ ነው ሁሉም የሳቀው። ፖሊሱ ሳይቀር።

ጸሐፊው ቅጹን አወጣ። ባለቤት፣ ከልቱም። የግድግዳ ዓይነት፣ ጃሉስ። ምድብ፣ የድሮ መንደር። “ነዋሪዎች?” ብሎ ጠየቀ።

“እኔና ልጄ” አሉ ሐቦባ።

“ሐጃ፣ ልጅዎ ሞቷል ተብሏል...”

“ዑስማንማ ሞቷል፣ አላህ ይማረው። ይህችን ነው የምልህ። ዘይነብ። ጻፍ።”

ጻፈ። እኔ ዐረብኛ ማንበብ አልችልም። ግን ስሜ የቱ ጋ እንዳለ በጣቱ አሳየኝ።

ሁሉ ነገር በዚያ ቀን አላለቀም። ወረቀቱ እስኪጸድቅ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ቦታችን በሦስተኛ ደረጃ ተመዘገበ፤ መንገድ ሲቀየስ ማድ ቤታችን ከመስመሩ ወጥቶ ስለተገኘ እኛው አፈረስነው። ቅር አላለንም። ሐጅ ኢድሪስ ግን ቤታቸውን አጡ። ከከተማው ዳር፣ አዲስ በተቀየሰ ሜዳ ላይ፣ ቦታ ተሰጣቸው። ሊሄዱ ሲሉ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። “ለምኑ?” አሉኝ። የምር ረስተውት ይሁን ሊያስረሱኝ ብለው እስከዛሬ አላውቅም። የሳቸው እውነት ባይኖር ኖሮ መሐንዲሱ ያንን ቁራጭ ጭቃ ዞሮም አያየውም ነበር። ያን ቀን እንዲዋሹልኝ ለምኛቸው ነበር። ቢዋሹልኝ ሁለታችንም እንወድቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከሐቦባ ጋር ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖርን። ፍቅር በፍቅር ሆንን ብዬ አልዋሻችሁም፤ እስኪሞቱ ድረስ ምርጊቴ ሳሳ ማለታቸውን አልተዉም። ግን ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ “ይህች ልጄ ናት” ይላሉ፤ የገዛ እናቴ ስትሞትም ሦስት ቀን ከጎኔ ሳይነሱ ተቀምጠው አስተዛዝነውኛል።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ በሰው አገር የምትኖሩ እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰው “የት ነው የምትኖሪው?” ሲለኝ መልሴ “ለጊዜው ሐጅ ዩሱፍ” ነበር። ለጊዜው! መሐንዲሱ ስምንቱን የኔን ንብርብር አንድ በአንድ ሲቆጥር ነው፣ ለጊዜው እያልኩ ስምንት ዓመት በገዛ እጄ ቤት ስሠራ እንደኖርኩ የገባኝ። በማግስቱ አል-ጣኢፍ ስመለስ አሠሪዬ ለምን እንደቀረሁ ጠየቁኝ።

“ቤቴን ሊያፈርሱብኝ ነበር፤ ግን ተረፈ” አልኳቸው።

“ቤትሽን?” አሉኝ ገርሟቸው። “ቤት አለሽ እንዴ?”

“አዎ፣ አለኝ” አልኩና መጥረጊያዬን አነሳሁ።